የክኖፕ ጨርቅ

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1876

ብርድ። የላብራቶሪው ምድጃ ዛሬም ያጨሳል። ክኖፕ ቀድሞኝ ገብቶ መስኮቱ ሥር ቋሊማውን ሲገምጥ አገኘሁት። ጨርሶ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ከዚያ በዚያው ጨርቅ የመስታወት ቱቦውን ጠረገ። በዚያው! ይህ ሰው የሚለካው አየር ነው ወይስ የአሳማ ጮማ?

የአረቄ ነጋዴ ልጅ ነው። ሆዱ ከእሱ ቀድሞ በር ይገባል። እሱም ዶክተር፣ እኔም ዶክተር። ሁለታችንም የፕሮፌሰር ግሮተ ረዳት። በወረቀት ላይ እኩል ነን... ወረቀት ምን ያውቃል?

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 9

ፕሮፌሰሩ ሁለታችንንም ጠሩን። የብሬስላው ዩኒቨርሲቲ አንድ መምህር ይፈልጋል። የሚላከው ከሁለታችን አንዱ ነው። በማርች መጨረሻ በሚደረገው ጉባኤ፣ በሰው ፊት ልኬቱ የቆመለት ይሄዳል። የቀረው እዚሁ ጭስ ውስጥ ይቀራል።

ሥራው አንድ ነው። በአየር ውስጥ የድምፅን ፍጥነት ለክቶ ከዚያ የአየርን ቁጥር ማውጣት። "ቁጥሩ ከቱቦው ይውጣ" አሉ ፕሮፌሰሩ፣ "ከመጽሐፍ የሚወጣውንማ እኔም ማውጣት እችላለሁ።"

ክኖፕ ሳቀ። ለምን እንደሳቀ የሚያውቅ አይመስለኝም።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 13

አከራዬ ፍራው ሽቴንግል ቡና ስታቀርብልኝ ቀኑን ሙሉ መስታወት ሳፋጭ ለምን እንደምውል ጠየቀች። ሰዎች ነግረዋታል... ጩኸቱ መንገድ ድረስ ይሰማል ብለው።

አስረዳኋት። ምን አስቤ እንደሆነ እንጃ። አየር ሁለት ዓይነት ሙቀት አለው አልኳት። ዕቃ ውስጥ ቆልፈሽ ብታሞቂው ጥቂት ይበቃዋል። እንደ ልቡ እንዲሰፋ ብትለቂው ግን ዙሪያውን እየገፋ ስለሚሰፋ ተጨማሪ ሙቀት ይፈልጋል። የኋለኛው ለፊተኛው ሲካፈል የሚገኘው ነው የእኛ ቁጥር። ድምፅ ደግሞ አየርን እየጨመቀ ነው የሚሄደው። የተጨመቀ አየር ይሞቃል፣ ሙቀቱም ለመሸሽ ጊዜ አያገኝም፤ አየሩ ይጠነክራል፣ ድምፁ ይፈጥናል። ስለዚህ ፍጥነቱን ያወቀ ቁጥሩን ያውቃል። የድምፅን ፍጥነት መጀመሪያ ያሰላው የጥንቱ እንግሊዛዊ ይህን ሙቀት ረስቶ ነው ስሌቱ ያነሰበት።

በጥሞና ሰማችኝ። ከዚያ፣ "እንግዲያው ዶክተር፣ ድምፅ የሚያሞቅ ከሆነ ኮሪደሩ ላይ ትንሽ ይጩኹልኝ፤ ከሰል ተወዷል" አለች።

ቡናዬን ጠጣሁ።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 24

ሥራዬ ያምራል። ራሴ ካላልኩት ማን ይልልኛል? ቱቦውን በንጹሕ አልኮል አጥባለሁ፤ ሁለት ጊዜ። ብልጭ እስኪል። ከዚያ ደረቅ የቡሽ ዱቄት እነሰንስበትና አቧራ ሳይገባ ቶሎ በቡሽ ውታፍ እዘጋዋለሁ። ጫፉ ቱቦው ውስጥ የገባውን ዘንግ በሙጫ በታሸ ቆዳ ስፈትገው ይጮኻል፣ ዱቄቱም ቱቦው ውስጥ ትንንሽ ክምር ክምር ይሠራል። በክምሮቹ መካከል ያለው ርቀት ፍጥነቱን ይናገራል።

ክኖፕስ? በጨርቅ ጠረግ፣ ምድጃው አጠገብ አስቀመጥ፣ በወናፍ ነፋ ነፋ... አንጥረኛ!

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 29

1.36።

መጽሐፉ 1.40 ይላል። ክኖፕም 1.40 አግኝቷል። እንዴት አያገኝ? የሚፈልገውን የሚያውቅ ሰው ያጣ እንደሆነ ነው የሚገርመው። በጎች። አንዱ ገደል ቢገባ ሁሉም ይከተላል። እኔ ግን ደጋግሜ ለካሁ፣ ደጋግሞም ያንኑ ሰጠኝ። እስካሁን ማንም በንጹሕ ቱቦ አልለካም ማለት ነው። ማንም!

ብሬስላው ምን ብሬስላው... ይሄ ከብሬስላውም በላይ ነው።

ዓርብ፣ ማርች 10

ክኖፕ ዛሬ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ። ቁጥሬን ሰምቷል። እየተቅለሰለሰ፣ "ቬንትስላፍ፣ እንደ ወንድም ልንገርህ፣ ቱቦህን ከመዝጋትህ በፊት ትንሽ አናፍሰው" አለኝ።

አናፍሰው! የምድጃውን ጥቀርሻ ልሰብስብበት? "የአንተን ጨርቅ አውሰኝና እጠርገዋለሁ" አልኩት። ጆሮው ቀላ። ሄደ።

ፈርቷል። ካልፈራ ምን አመጣው?

ሐሙስ፣ ማርች 30

ነገ ነው። ፍራው ሽቴንግል ሸሚዜን ተኩሳልኛለች። ክኖፕ ጨርቁን ይዞ ይመጣ ይሆን?

ዓርብ፣ ማርች 31

ልጻፈው። ካልጻፍኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ስለ በጎቹ ተናገርኩ፤ በጎች አላልኩም፣ ግን ገባቸው። "እዚሁ ፊታችን ለካልን" አሉ ፕሮፌሰሩ። ደስ አለኝ። አጠብኩ፣ ነሰነስኩ፣ ዘጋሁ፣ ፈተግኩ። ክምሮቹ እንደ ወትሯቸው ተሰለፉ። 1.36። አንዳንዶቹ ወንበራቸውን ወደፊት ሳቡ።

"ክኖፕ፣ አንተስ ምን ትላለህ?" አሉ ፕሮፌሰሩ።

መነሳት አልፈለገም። በግድ ተነሳ። "ቡሹን አንዴ ይክፈትልኝ" አለ። ከፈትኩ። ያንን አፍንጫውን ቱቦው አፍ ላይ ደቅኖ ሳበ።

"የአባቴ መጋዘን ነው የሚሸተው" አለ ቀስ ብሎ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፕሮፌሰሩ አልሳቁም። መጥተው አሸተቱ። "ቬንትስላፍ፣ የለካኸው አየር አይደለም። አየርና አረቄ ነው" አሉኝ። የአልኮል ተን ከአየር ይከብዳል፤ ሙቀቱንም ውስጡ ይቀብራል፤ ስለዚህ ድምፁ ይዘገያል፣ ቁጥሩ ያንሳል። ይህን እኔ ራሴ ለተማሪዎች አስተምሬዋለሁ። እኔ ራሴ!

ክኖፕ በወናፉ ደረቅ አየር ነፋበትና እንደገና ፈተገ። ክምሮቹ ተራራቁ። 1.40።

በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች አሉ። ግን ሳቁ አይደለም ያንገበገበኝ። ቀና ብዬ ሳየው ክኖፕ አልሳቀም። አዘነልኝ። ያ ቋሊማ በሊታ አዘነልኝ።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 1

ከቤት አልወጣሁም።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 18

ክኖፕ ወደ ብሬስላው ሄደ። ባቡር ጣቢያ ሊሸኙት ሁሉም ወጡ። እኔ አመመኝ አልኩ።

ነግሮኝ ነበር። ከጉባኤው ሦስት ሳምንት በፊት፣ ማንም ሳይሰማ፣ ነግሮኝ ነበር። ዝም ቢል ብሬስላው ያው የእሱ ነበር፤ የእኔ ውርደት ደግሞ ምርቃት። ለምን ነገረኝ? እኔ ብሆን እነግረው ነበር? ...አልነግረውም ነበር። ይህን ለራሴ ልዋሽ አልችልም።

ጨርቁን ምስማሩ ላይ ረስቶታል። ወይም ትቶልኝ ይሆናል። ይሸታል። ልጥለው ብዬ አነሳሁትና መልሼ ሰቀልኩት።

ረቡዕ፣ ሜይ 10

በክኖፕ ቦታ አዲስ ረዳት መጥቷል። ዶክተር ኤልዜሰር። የእጅጌው ጫፍ እንደ ወረቀት ነጭ ነው። ጨርቄን አየና አፍንጫውን ነፋ። (አጥቤዋለሁ። ያን ያህል ክኖፕ አልሆንኩም።) ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ። ክኖፕን ባየሁ ቁጥር ሁለት ዓመት ሙሉ የተሸከምኩት ፊት ነው።

ቱቦ ሰጡት። በአልኮል አጠበ። ሁለት ጊዜ። ቶሎ ዘጋ።

ከጠረጴዛዬ ሆኜ አየሁት። በበጋው ጉባኤ ያቀርባል፤ አዳራሹ ይሞላል... ዝም ብል ማን ይጠይቀኛል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፣ አለቀ። ምሳዬን በላሁ። ቋሊማ ነበር። አልጣፈጠኝም።

ተነስቼ ሄድኩ። "ኤልዜሰር፣ ቡሹን ክፈትና አሽትት" አልኩት።

ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። ይህ ነው እንግዲህ፣ ያ አዳራሹን ያሳቀው፣ ይል ነበር ዓይኑ። ግን ከፈተ። አሸተተ። አንገቱ ሳይቀር ቀላ።

ወናፉን አሳየሁት። ጨርቁንም አቀበልኩት። በሁለት ጣቱ ተቀበለኝ።