ጀርባውን ለመንገድ የሰጠ ቤት

ለታላቅ ወንድሜ ለጋሽ ደምሴ፤ ካሉበት ከደሴ ይድረስ።

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ ብርዱን ቻለው ወይ? እትዬ ከበቡሽስ፣ ዓይናቸው ተሻላቸው? እኔ፣ አምላክ ይመስገን፣ አለሁ፤ መኖር ከተባለ። የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። በስተርጅና የተማርኩት ፊደል ነውና ቢንጋደድ ይታገሱኝ።

ኮንዶሚኒየም የደረሰኝ ጊዜ «እሰይ» ብለው ጽፈውልኝ ነበር። እሰይ ያሉት ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እዚሁ ሀዋሳ ፒያሳ የነበረችው የቀበሌ ቤቴ ጣሪያዋ ቢያፈስም በሯ መንገድ ላይ ነበር። ደጃፌ ተቀምጬ ቆሎ ስሸጥ፣ የታመመው ሕመሙን፣ የተጣላው ጠቡን ሲነግረኝ ይመሻል። ይኸኛው ግን ጀርባውን ለመንገድ ሰጥቶ ነው የቆመው። በሩ ሁሉ ወደ ግቢ፣ ግቢውም በግንብ የታጠረ። የባጃጁን ድምፅ እሰማለሁ እንጂ ሰው አላይም።

ገና ሳይሠራ ፕላኑን ያሳዩን ቀን መሐንዲሱን፣ «ልጄ፣ በመንገዱ በኩል ለምን በር የለውም? የሐዘን ድንኳንስ የት ይተከላል?» ብዬ ጠየቅሁት። «እማማ፣ ሳይገቡበት ሞት ያስባሉ እንዴ?» ብሎ አሳቀብኝ። እኔም ሞኟ አብሬ ሳቅሁ።

ባለፈው ወር ከበላዬ የሚኖሩት አቶ ባህሩ ዐረፉ። የዕድሩ ሰዎች የሬሳ ሳጥኑን ሲያወርዱ ደረጃው አላዞር አላቸው። ያን የተከበረ ሰው እንደ ቁም ሳጥን አቁመው አወረዱት። ባለቤቱ ደስታነሽ ከኋላ፣ «ቀስ በሉ፣ ወገቡን ያመዋል!» ትላለች። ግቢው በመኪና ተይዞ ስለነበር ድንኳኑ የተተከለው ከግንቡ ውጭ ነው። ምስኪኗ ባሏን ለማልቀስ ግቢውን ስትዞር ሰነበተች።

በስብሰባ ላይ ተነሥቼ፣ ለግንቡ በመንገዱ በኩል በር እናውጣለት አልኩ። የኮሚቴው ሊቀ መንበር መክብብ፣ «ሌባ ይገባል እትዬ አባይነሽ» አለኝ። «ሌባም ይግባ፤ እሱም እኮ ሰው ነው» አልኩት። ሳቁ። አሁን ግን አብሬ አልሳቅሁም።

ስለዚህ ቤቱን አከራይቼ ከከተማው ዳር ቱላ፣ ልጄ ሙሉ ዘንድ ልገባ ነው። «የደረሰሽን አትግፊ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። የሙሉ ቤት የጭቃ ነው፤ ግን በሩ መንገድ ላይ ነው። ወንድም ጋሼ፣ ቆሜ በገባሁበት በር ተኝቼ ልውጣ፤ ይህን አይከልክሉኝ።

እትዬ ከበቡሽን ዓይናቸውን ይሳሙልኝ። ልጆቹን አንድ በአንድ ሰላም ይበሉልኝ። ብዙአየሁ ቤት ሊሠራ ነው ሲሉ ሰማሁ፤ በሩን ወደ ሰው እንዲያዞረው አክስትህ ብላሃለች ይበሉት።

ታናሽዎ አባይነሽ
ሀዋሳ፣ ኅዳር 18 ቀን 2003 ዓ.ም.