የጓሮ በር

ኅዳር 6፣ 1931፣ ከሰዓት

«ከእንግዲህ ግድግዳም ፈቃድ ይፈልጋል!» ትላለች አንዲት ሴት ገበያ ላይ፣ ጨው እየገዛች። ቤት እንደገባሁ የኋላ ግድግዳዬን ፈቃዱን ጠየቅሁት። ዝም አለ። ዝምታ እሺታ ነው፤ ጀመርን ማለት ነው።

አንተ ደብተር፣ ነገሩን ታውቃለህ። ወንድሜ ተሰማ ከአርበኞቹ ጋር ነው፣ ከጣርማ በር በታች ገደሉ ውስጥ። (አንባቢው የጣሊያኑ ሹም ከሆንክ፣ ወንድም የለኝም።) ቤታችን ያለው አንድ በር ነው። እሱም ወደ መንገዱ። ከመንገዱ ማዶ የባንዳ ኬላ። እማዬ ልጇን ካየች ዓመት አልፏል። ስለዚህ የጓሮ በር።

ኅዳር 7

ወደ ጣሊያኑ ሹም ቢሮ ሄድኩ። ደንቡ ተነበበልኝ፦ የመንገድ ዳር ቤት አንድ በር፣ ፊቱ ወደ መንገድ። መቀጠል፣ ማፍረስ፣ መብሳት በፈቃድ። ለምን ሁለተኛ በር እንዳስፈለገኝ ጠየቁኝ። ለነፋስ፣ አልኩ። ሹሙ በአስተርጓሚው በኩል ነፋሱም በፊት ለፊት ይግባ አለ። የከተማችን የሮቢት ነፋስ እስካሁን አልታዘዘም።

ጎተራስ? አልኩ ስወጣ። ጎተራ ቤት አይደለም፣ ፈቃድ አያሻውም፣ አሉ። እግዜር ይስጣቸው።

ኅዳር 8

እማዬ ማመልከቴን ሰማች። «የልጄን መግቢያ ከፈረንጅ ለመንክ? ፊደል ያስቆጠርኩህ ለዚህ ነው?»

ማታ ጋሼ ሰይድ መጣ። የአጥር ጎረቤታችን፣ ግድግዳ በማቆም የታወቀ። ግድግዳውን ከውስጥ እንበሳለን፣ ከውጭ ጎተራ እንለጥፍበታለን፣ የጎተራው ጀርባ ወደ ማሽላው ማሳ ይከፈታል። አንድ ነገር ብቻ፦ ጎተራው የእውነት ጎተራ ይሁን፤ በሐሰት አልምልም፣ አለ።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል

እኛ በዓል ነን። የሙስሊሞቹ ደቦ ጭቃውን ይረግጣል። ዓርብ እነሱ ጁምዓ ሲሄዱ እኛ እንረግጣለን። ሥራው አይቆምም። እንዲህ ያለ ስምምነት መንግሥታት በማኅተም አልቻሉትም።

ኅዳር 17

ጭዱ ጭቃው ውስጥ በሰበሰ። ደግ ነው፣ ያልበሰበሰ ጭቃ ይሰነጠቃል። ግን ይሸታል፤ ሰፈሩን ሁሉ። አንድ ባንዳ አፍንጫውን ይዞ ከኬላው ተሻገረ። ምን ሞተ? አለ።

«ጎተራ ነው ወላሂ!» ጋሼ ሰይድ። በሙሉ ልብ። እንዲህ ደስ ብሎት ሲምል አይቼው አላውቅም።

ኅዳር 24

ቆመ! ከቤት ወደ ጎተራ፣ ከጎተራ ወደ ማሽላ፤ ሁለቱም ቀዳዳ በሰሌን ተከልሏል። ወደ ገደሉ የሚመላለስ አንድ ከሰል ሻጭ ለተሰማ መልእክት ይዞ ወጣ፦ በማሳው ና።

አስተርጓሚው ሊመረምር መጣ። አንገቱን በጎተራው አፍ አስገባ። ባዶ ነው፣ አለ።

«ማሽላው ማሳ ላይ ነው፣ ልጄ» አለችው እማዬ። «ለማጨዱም ፈቃድ ያሻል እንዴ?»

ሄደ። እሱ መንገዱን ሳይጨርስ ሳቅን። ያለ ፈቃድ።

ታኅሣሥ 3

ማንም የለም። እማዬ መኝታዋን ወደ ኋላ ግድግዳው አዛውራለች። ማሽላውን እንዳናጭድ ከለከለች፤ መሸሸጊያው ነው። ወፍ እየጨረሰው ነው። ይጨርሰው።

ወስኛለሁ፦ ቀጥሎ መስኮት። ፈቃድ አልጠይቅም።

ታኅሣሥ 8፣ ጧት 4 ሰ.

ተሰማ መጣ። በመንገዱ በኩል፣ በፊት ለፊቱ በር። የኬላው ሰዎች ሰላምታ ሰጡት። የአርበኛ ጎፈሬውን ተላጭቷል። ጠመንጃውን አስረክቦ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተቀብሏል፤ አሳየን። እማዬ አንገቱን አቅፋ አለቀሰች፣ ምንም አልጠየቀችውም። ጋሼ ሰይድ በአጥሩ በኩል እንኳን ደህና ገባህ አለውና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ታኅሣሥ 15

ማሽላው ታጭዶ ተወቃ። ሁለቱን ቀዳዳ ደፍነን ወፍ የተወውን ጎተራው ውስጥ ጨመርን። እስከ አፉ ሞልቷል።