አባዬ የመረጧት መኪና

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

አባዬ በወጣትነታቸው ለአሠሪያቸው ሲጠግኗት የኖሩትን ዓይነት፣ አንድ ቀን እንኳ ያልነዷትን የስፖርት መኪና ልገዛላቸው፣ ከሁለቱ የቷ ትሻል እያልኩ ሁለት ሳምንት ስዋልል ከረምኩ። እውነተኛዋ ሩንዳ ሰፈር አለች፤ ሞተሯ ወርዷል፣ ተጠግና እስክትነሳ ዓመት ይፈጃል። ላቪንግተን ሰፈር ያለችው ደግሞ በእሷ አምሳል የተገጣጠመች ናት፤ ዛሬውኑ ትነዳለች።

ጠዋት ላቪንግተን ወሰድኳቸው። በሩን በጥፍራቸው መታ መታ አደረጉና ሳቁ።

«ልጄ፣ ይቺ እኮ ፕላስቲክ ናት!»

አፍሬ ስለ ሩንዳዋ ነገርኳቸው። «ግን አባዬ፣ ዓመት ታስጠብቃለች።»

«ታዲያ እጠብቃታለኋ!» አሉ፣ ዓይናቸው በርቶ።

ሐኪማቸው ለእኔ ብቻ የነገረኝ ግን ዕድሜያቸው እስከ ፋሲካ ብቻ እንደሆነ ነው።

ለሩንዳው ሻጭ ደውዬ «ወስጃታለሁ» አልኩት። አሁን አባዬ ሳሎን ሆነው ለባለቤቴ ስለ ሞተሯ ያወሩላታል። እኔ መቀመጥም መቆምም አቅቶኛል።