142857 እና የፕላዝማው ቁልፍ

ሰኞ

ዛሬ ፕላዝማውን አጠፋሁት። እኔው ነኝ ያጠፋሁት፣ መብራት ኃይል አይደለም። መብራቱማ የሄደው ቀደም ብሎ ነው። የቴሌቪዥኑ አስተማሪ በእንግሊዝኛ እየተጣደፈ፣ አንድ ለሰባት ሲካፈል የሚመጣውን አስርዮሽ ጠቀስ አድርጎ ሊያልፍ ሲል ድርግም አለ። ጠመኔ አነሳሁና ተማሪዎቼ ራሳቸው እንዲያካፍሉ አደረግሁ። 142857 መጣ፣ ከዚያ እንደገና 142857፣ ማለቂያ የለውም።

"ነጥቡን ተዉትና ቁጥሩን በሁለት አባዙት" አልኳቸው። 285714። በሦስት፦ 428571። አሃዞቹ ያው፣ ተራቸው ያው፣ መነሻቸው ብቻ ተቀየረ። ከእንሴኖ የምትመላለሰው ኑሪያ፣ ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ሰምቼው የማላውቀው ልጅ፣ "ወላሂ ቲቸር፣ በስድስትም አልፈረሰም!" ብላ ተነሳች። 857142።

ያኔ መብራቱ መጣና ፕላዝማው መለፍለፍ ጀመረ። ክፍሉ በሙሉ "ቲቸር፣ ይጥፋ!" አለ። አጠፋሁት። ፕላዝማው ያለበትን የብረት ሳጥንም ቆለፍኩና ቁልፉን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ማክሰኞ

ምክትል ርዕሰ መምህሩ አስጠራኝ። "ፕሮግራሙ አገር አቀፍ ነው። አንቺ ማን ነሽና ታቋርጪዋለሽ?" ሐሙስ ግምገማ አለ። ግለ ሂስ አድርጌ ጥፋቴን ካመንኩ በማስጠንቀቂያ ይታለፋል፤ ካላመንኩ ወደ ገጠር ዝውውር። ከገጠር ወደ ቡታጅራ ለመምጣት አራት ዓመት ጠብቄያለሁ። ፈራሁ። እዚህ ደብተር ላይ መዋሸት አልፈልግም።

ከሰዓት ኑሪያ በሰባት አባዝታ መጣች። 999999። ደብተሯን ደረቷ ላይ ለጥፋ ነው የያዘችው። ንዴቴ መጣ። የይቺን ልጅ አፍ ማስከፈቴ ነው ጥፋቴ?

ረቡዕ

የግለ ሂስ ንግግር ልጽፍ ተቀመጥኩ። "ስህተት ፈጽሜያለሁ" የሚለው ጋ ስደርስ እጄ እምቢ አለ። ወረቀቱን ገልብጬ ቁጥሩን ቆራርጬ ደመርኩ። 142 እና 857፣ 999። 14፣ 28 እና 57፣ 99። ይሄ ይሻለኛል።

ሐሙስ

ተራዬ ደረሰ። "ግለ ሂስ የለኝም" አልኩ። የኬሚስትሪው መምህር በጠረጴዛ ስር እግሬን ረገጠኝ። "ጥፋት ካለብኝ ቶሎ አለማጥፋቴ ነው።" ከዚያ ለሁሉም ቁጥሩን ነገርኳቸው፣ ከነብዜቱ። ምክትሉ "እዚህ ጨዋታ የለም" አለ። ሲጽፍ አየሁት፤ ክሴን የሚመዘግብ መሰለኝ።

ዓርብ

ቁልፉን ልመልስ ቢሮ ገባሁ። ምክትሉ በሩን ገፋ አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "በስምንት ሲሆን ግን ተበላሸብኝ" አለ። 1142856። ሰባቱ የለም።

"አልተበላሸም። ፊት ያለችውን አንድ ያንሱና ከመጨረሻው ስድስት ጋር ይደምሯት።"

ደመረ። 142857። "የዝውውርሽ ደብዳቤ ሰኞ ይወጣል። በእኔ እጅ አይደለም" አለኝ። አዘነም አላዘነም፣ ደብዳቤው ያው ደብዳቤ ነው።

ይውጣ!

ክፍል ስደርስ ሳጥኑ ገና አልተከፈተም። ኑሪያ ሰሌዳው ጋ ቆማ፣ እጇ በጠመኔ ነጥቶ፣ ያቺ አንድ ከፊት ተነስታ ወደ ስድስቱ እንዴት እንደምትሄድ ለክፍሉ ታስረዳለች። እኔ አላሳየኋትም። የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና አዳመጥኳት።