ቲተር የሌለው ባልደረባዬ

ለተከበሩ አቶ ተካልኝ
የድርጅታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ቦሌ

ጤናዎ የተሟላ፣ ቢሮዎም እንደ ወትሮው ቀዝቃዛ እንዲሆንልዎ ከልብ እመኛለሁ። በአደባባይ የምጽፍልዎ ቀደም ሲል በውስጥ መስመር ለላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች «ደርሶናል፤ እናመሰግናለን» ብሎ የመለሰልኝ የምከሰው ማሽን ራሱ ስለሆነ ነው።

ነገሩ የተበላሸው ባለፈው ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ከአውሮፕላን የወረዱ አርባ ካርቶን የአንድ ቀን ጫጩቶች በመጋዘናችን ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተደርድረው ይንጫጩ ነበር። የእንስሳት ሐኪሙ ፊርማና ማኅተም ያረፈበት ወረቀት በእጄ ነበር። «አጋር» ብለው የሰየሙልን የኮምፒውተር ሥርዓት ግን ወረቀቱ እሱ መዝገብ ውስጥ ስላልገባ፣ ጫጩቶቹ ተራ ይዞ ከነበረው የመኪና መለዋወጫ ጭነት በኋላ እንዲወጡ ወስኖ እንዳጸድቅለት ጠየቀኝ። ስጠራጠር ያዩኝ የቅርብ አለቃዬ አቶ እሸቴ «አንቺ ልጅ፣ ከማሽን ልትበልጪ ነው እንዴ?» አሉኝ። አጸደቅሁ፤ በመውጫ ሰነዱም ላይ ስሜ የተቀረጸበትን ቲተር መታሁበት። አሥር ሰዓት ላይ ካርቶኖቹ ጸጥ ብለው ነበር።

ስለዚህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

1. እንዲህ ያለ ባልደረባ ስለሰጡን አመሰግናለሁ። ከእሱ ጋር ለመስማማት አንድ ጊዜ መጫን ይበቃል። ለመቃወም ግን ገጽ ሙሉ ምክንያት መጻፍና የክፍል ኃላፊዋን የወይዘሮ አሰገደችን ፈቃድ ማግኘት ግድ ነው። ወይዘሮ አሰገደች በዚያ ሰዓት እርስዎ ባዘጋጁት «ሰውና ማሽን በጋራ» በተሰኘው ሥልጠና ላይ፣ ስልካቸውን ዘግተው ነበሩ። ሥልጠናው እጅግ ጠቃሚ እንደነበር ሰምቻለሁ።

2. አጣሪ ኮሚቴው በሁለት ቀን «የሰው ስህተት» ከሚል ድምዳሜ ላይ ስለደረሰ ፍጥነቱን አደንቃለሁ። ማስረጃው የእኔ ቲተር ነው። «አጋር» ቲተር የለውም፤ የሚያፍርበት ፊትም የለውም። ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ስማር፣ የሚጠየቀው የወሰነው ነው ብለውን ነበር። እዚህ ግን አንዱ ይወስናል፣ ሌላው ይጠየቃል፣ ስሙም ትብብር ይባላል። ማሽኑ የመጣው እኛን ሊያግዝ እንደሆነ ተነግሮናል። እኔ ግን ሌላ ነገር መጠርጠር ጀምሬያለሁ፤ እኛ ሰዎቹ በየወንበራችን ላይ የቀረነው ነገር ሲበላሽ የሚወቀስ ሰው ስለሚያስፈልግ ብቻ ይሆን?

3. ለጫጩቶቹ ባለቤት፣ ከሳሊተ ምሕረት ጀርባ ዶሮ ለሚያረቡት ለወይዘሮ ሐሚዳ ስለላኩላቸው የይቅርታ መልእክትም ምስጋና ይገባዎታል። መልእክቱ መጨረሻው ላይ አገልግሎታችንን በኮከብ እንዲመዝኑ ይጠይቃቸዋል። እኚህ ሴት በዚያ ቀን ሦስት ጊዜ ወደ መስኮቴ መጥተው «ልጄ፣ ድምፃቸው እየቀነሰ ነው» ብለውኛል። ማሽኑ ጆሮ የለውም፤ እኔ ነበረኝ። ጥፋቴ ይሄ ነው፤ እየሰማሁ መጫኔ። ይህንንም ቤታቸው ድረስ ሄጄ በገዛ አፌ ነግሬያቸዋለሁ። ከድርጅታችን ደጃቸውን የረገጠ ሌላ ሰው ግን አላየሁም ብለውኛል።

4. «ስህተቱ ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው» የሚለውን ቅጽ እስከ ዓርብ ካልፈረምኩ እንደምሰናበት ስለተነገረኝ፣ ለግልጽነትዎ አመሰግናለሁ። አልፈርምም።

ለወንበርዎ ካለኝ የላቀ አክብሮት ጋር፣
ሰምሃል አረጋዊ
የጭነት ርክክብ ሠራተኛ (እስከ ዓርብ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ የስንብት ደብዳቤዬን «አጋር» እንደሚያረቀው አውቃለሁ፤ ያርቅቀው። ግርጌው ላይ ግን የእርስዎ እጅ ይረፍበት። ከእንግዲህ ያልወሰንኩትን አልፈርምም፤ ማንም ያልፈረመበትንም ውሳኔ አልቀበልም።