ዝም የሚለው መስመር

የካቲት 5 ቀን 1977፣ ማክሰኞ
ጡረታ ወጥቼ ነበር። የከተማው ስልከኞች ሲዘምቱ መልሰው ስልክ ቤቱ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። የልጅ ልጆቼ ይስቁብኛል... ይሳቁ።

የእርዳታ እህል ቅዳሜ እዚህ መጋዘኑ ይታደላል። ለአንኮበርም ለጣርማ በርም ደወልሁ። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ የሰማ ሁሉ ለሌላው ይደውል። ሦስታችንም እርስ በርስ በሽቦ ተያይዘናል። ማን ሳይሰማ ይቀራል?

የካቲት 9
ታደለ። ለሁሉም ደረሰ።

የካቲት 13፣ ረቡዕ
የጣርማ በሩ ስልከኛ ወልደ ሰንበት ደወለ። "ቅዳሜ እህል አለ አሉ።" ደስ አለኝ። ለአንኮበሯ ለጠይባ ነገርኋት። "እኔም ትናንት ሰምቻለሁ፣ አባባ።" ሁለት ሰው ካለው እውነት ነው አልሁ። መጋዘኑን አልጠየቅሁም።

የካቲት 16፣ ቅዳሜ
ሰዉ መጣ። መጋዘኑ ባዶ።

ከጣርማ በር ሁለት ቀን በእግሯ የመጣች አሮጊት አጥሩ ሥር ተቀመጠች። ወለተ ጊዮርጊስ ትባላለች። "ስልኩ ነው የጠራን" አለችኝ። አጥሚት አመጣሁላት... አልወረደላትም።

የካቲት 17
ቀበርናት።

የካቲት 18፣ ሰኞ
ወረቀት ላይ ሦስት ነጥብ አደረግሁ። በመስመር አያያዝኋቸው። የዚያን ማክሰኞ ወሬዬን በጣቴ ተከተልሁት። በአንዱ ጎን ሄዶ በሌላው ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል... ማረፊያ የለውም። ረቡዕ የሰማሁት የራሴን ቃል ነበር። የወሩን ቀን እንኳ አልነገርሁም፤ "ቅዳሜ" ብቻ።

እኔ ገደልኋት ማለት ነው?

የካቲት 19
የአንኮበርና የጣርማ በር መስመር ዝም ይበል አልሁ። ሁለቱም ከእኔ ይስሙ፤ አንዱ ለሌላው አያሻግር።

ወልደ ሰንበት ተቆጣ። "የተዘረጋ ሽቦ ይዘን ዝም? ካድሬው አሻጥር ነው ቢልስ?"

"አሻጥረኛው ሽማግሌው ነው በለው። እስር ቤቱ ከዚህ ክፍል ይሞቃል።"

"ያንተ ሽቦ ቢበጠስስ?"

"በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ እሰድብሃለሁ። ስድቤ የቀረብህ ቀን ለጠይባ ደውል። የእኔ ሲቀጠል መልሳችሁ ዝም።"

ጠይባ ስትሰማ፣ "እኔንም ሊሰድቡኝ ነው፣ አባባ?"

"አንቺን እመርቃለሁ።"

የካቲት 20
እህል ለየካቲት 23 ተባለ። መጋዘኑን ራሴ ጠይቄ አስነገርሁ። ቀኑን ሁለት ሁለት ጊዜ አስደገምኋቸው።

የካቲት 21፣ ሐሙስ
እህሉን የጫነው መኪና መንገድ ላይ ተሰብሯል። አይደርስም። ጣርማ በሮች ዛሬ ካልሰሙ ነገ ሲነጋ ይነሳሉ። እጀታውን አዞርሁ... ዝም። ነፋሱ ሌሊት ሽቦውን በጥሶታል። ወደ አንኮበር አዞርሁ። እህሉ ቀርቷል፣ ለወልደ ሰንበት ድረሽለት አልኋት።

"አሁን ደውሎልኝ መስመር ላይ ነው፣ አባባ። 'ሽማግሌው ዛሬ አልሰደበኝም' እያለ ነው።" ስትነግረው በጆሮዬ ሰማሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ነገረችው፤ አላስደገመችውም።

የካቲት 23፣ ቅዳሜ
ከጠዋት ጀምሮ መጋዘኑ በር ላይ ቆምሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት። በጣርማ በር መንገድ አንድም ሰው አልመጣም። ሰው ካላየሁ ቀኑ የማይመሽልኝ እኔ... ባዶ መንገድ አይቼ እግዚአብሔርን አመሰገንሁ።

እህሉ አልመጣም። ቤታቸው ተርበው ተቀምጠዋል። ግን ቤታቸው ናቸው።