ስለ ምንጩ ራስ ደን፣ ከሐሙስ በፊት የተናዘዝሁት

እኔ እታለማሁ ጓሉ፣ በአዊ ዞን ዘንገና ሐይቅ አጠገብ የምኖር፣ የሟች እንግዳው ደሳለኝ ሚስት፣ ዛሬ ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በቤቴ ተቀምጬ ይህን ቃሌን እሰጣለሁ። የታመመው ልቤ ነው፤ አእምሮዬ ጤነኛ ነው። የሚጠራጠር ካለ የአራቱን ምስክሮች ስም ከነአያታቸው ልጥራለት። ቃሌን የሚጽፈው መምህር አበረ ነው። እየጻፈ ሳለ በትከሻው በኩል አነባለሁ፤ ይህንንም ጻፈው ብዬዋለሁ።

ቀላሉን ላስቀድም። ቤቱና ጓሮው ከነቀርቀሃው የልጄ የቤዛዊት ይሁን። ያስታመመችኝ እሷ ናት፤ አንድም ቀን ስለ ውርስ አንስታብኝ አታውቅም።

በታች በኩል ያለው ሁለት ቃዳ፣ ማለትም ግማሽ ሄክታር፣ የዲከረንስ ዛፍ መሬት የልጄ የባምላክ ይሁን። ዛፉ በበሽታ እንደ ደረቀ አውቃለሁ። እኔና አባቱ ለከሰል ብለን እርሻውን ሁሉ በአንድ ዓይነት ዛፍ ሞላነው፤ ጎረቤትም እንደዚያው አደረገ። ገንዘቡ ጥሩ ነበር። በሽታው ሲመጣ ግን የሁላችንም በአንድ ክረምት አለቀ። ባምላክ ገብስ ይዝራበት ወይም ያሻውን ይትከል፤ አንድ ዓይነት ብቻ እንዳይተክል እመክረዋለሁ።

በምንጩ ራስ ደን ውስጥ ያሉት አሥራ ሁለት ዘመናዊ ቀፎዎች ከግምጃ ቤት ከተማው ነጋዴ ከኑርሁሴን ጋር የእኩል ናቸው። እሱ ገዛ፣ እኔ ጠበቅሁ። መጀመሪያ እሱንም ጠርጥሬው ነበር። "ዛፍ ላትቆርጥ ገንዘብህን ጫካ ውስጥ የምታስቀምጠው ለምንድን ነው?" ብዬ ጠየቅሁት።

"እትየ፣ ከሰል ነግጄ አይቻለሁ። አንዴ ይሸጣል፣ ከዚያ ሻጭና ገዥ ባዶ መሬት ላይ መተያየት ነው። ማሩ ግን ዛፉ እስካለ ድረስ አለ። ለጽድቅ እንዳይመስልዎት፤ ለትርፌ ነው" አለኝ።

ለትርፌ ነው ስላለኝ አመንሁት። እስካሁንም በየወሩ እየመጣ፣ ንብ እየነደፈው፣ ደኑን በዓይኑ ያያል። ነገሩ ጥቅሙን ስለሚነካ ግን ምስክር አላደረግሁትም።

አሁን ወደ ከባዱ ልመለስ። የምንጩ ራስ ደን፣ ሦስት ቃዳው፣ በመሬት ደብተሩ ላይ በእኔና በባሌ ስም ተጽፏል። የእኛ አይደለም። የባሌ እህት የእንቁ ደሳለኝ ነው፤ ከአባታቸው የደረሳት ድርሻዋ ነው። ኑሮ ከብዷት ወደ መተከል ለሥራ ስትሄድ "እታለም፣ ዛፎቹን ጠብቂልኝ፤ እመለሳለሁ" ብላኝ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ደብተር ሲታደል ባሌ "እህቴ በፈቃዷ ለቃልኛለች" ብሎ አስጻፈ። እኔም ሰምቻለሁ ብዬ አውራ ጣቴን አሳረፍሁ። ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር። ለሃያ ዓመት "ወረቀቱ በአዊኛ ሳይሆን በአማርኛ በጥድፊያ ተነበበልኝ፣ አልገባኝም" እያልሁ ራሴን ሳባብል ኖርሁ። ዛሬ በምስክሮች ፊት እውነቱን እናገራለሁ፦ ገብቶኝ ነበር።

እንቁ ከሦስት ዓመት በኋላ ስትመለስ የቀበሌ ሰዎች ወረቀቱን አሳዩአት። አልጮኸችም። "ይህ ጣት የማን ነው?" ብቻ አለች። ባሌ ዝም አለ፤ እኔም ዝም አልሁ። ይኸው እስከ ዛሬ ግምጃ ቤት ገበያ ሽንኩርት ትቸረችራለች። ልነግራት ሦስት ጊዜ ሄጄ፣ ሦስት ጊዜ ሽንኩርት ገዝቼ ተመልሻለሁ።

ፊደል የቆጠርሁት ከዚያ ወዲያ ነው፣ በቤዛዊት የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ። ያን ወረቀት ለማንበብ ብዬ ጀመርሁ፤ ከዚያ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብሁ። ባሌ ደኑን ለከሰል ሊቆርጥ ሁለት ጊዜ ተነስቶ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ "የጣቱን ነገር ለዳኛ እናገራለሁ" ብዬ አስቀረሁት። ደኑን ያቆየው ጥፋቴ ነው።

አምና ባምላክ የተቀጠረበት ድርጅት መጣ። በውጭ አገር ያሉ ባለፋብሪካ ባለሀብቶች ለጭሳቸው ማካካሻ እንዲሆን፣ የአየር ንብረት ለውጥንም ለመከላከል ባልተቆረጠ ደን ላይ ገንዘባቸውን ያውላሉ፣ በየዓመቱም ይከፍላሉ ተባለ፤ ውሉ የሠላሳ ዓመት ነው። ከድርጅቱ ሰዎች አንዱ "እማማ፣ ይህን የመሰለ ደን እንዴት ጠበቁት? ለሌላው አርአያ ነዎት" ብሎ ፎቶ አነሳኝ። ምን ልበለው?

ውሉ አሥራ አራት ገጽ ነው። ታነባለች ብለው አልጠረጠሩም፤ እኔ ግን በአራት ቀን ጨረስሁት። ከዚያ ባምላክን ጠራሁት።

"ፋብሪካ ያላቸው እነዚህ ሰዎች ከፍለውን ሲያበቁ ጭሳቸውን ይቀንሳሉ?"

"እማየ፣ እሱ የእነሱ ጉዳይ ነው። እኛ ዛፉን እንጠብቃለን፣ እነሱ ይከፍላሉ።"

"እንግዲያ የሚገዙት የዛፉን መዳን ነው ወይስ ማጨሻ ፈቃድ?"

"አንቺ ደግሞ ጥላሽንም ትጠረጥሪያለሽ!"

"ላንተስ የሚከፈልህ ባስፈረምኸው ሰው ልክ ነው?"

ሳቀ።

ደን ለሚጠብቅ ሰው መክፈል ክፉ ነው አልልም። ዝናቡ እንደ ተለወጠ አውቃለሁ፤ የጎረቤት ምንጮች በየካቲት ሲደርቁ ከዚህ ደን ሥር ያለው ብቻ እስከ ክረምት ይፈሳል። ገንዘቡ ንጹሕም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ዘጠነኛው አንቀጽ ፈራሚው ትክክለኛ ባለይዞታ መሆኑን ያረጋግጣል ይላል። እንቁ ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ሠላሳ ዓመት አትጠብቅም። መፈረሚያው ቀን የፊታችን ሐሙስ ነው። ብፈርም ሁለተኛ ጊዜ ሰረቅኋት ማለት ነው፤ ያውም አሁን ማንበብ እየቻልሁ።

ስለዚህ የምንጩ ራስ ደን ለባለቤቱ ለእንቁ ይመለስ። የቀፎው ድርሻዬም ይከተላት። ከድርጅቱ ጋር መዋዋልም መተውም የእሷ ፈንታ ነው። ከተዋዋለች ጭሱ ይቀንስ እንደሆነ በጽሑፍ ትጠይቅ፤ እሳት ወይም ንፋስ ዛፉን ቢጥለው ዕዳው በማን እንደሚሆን ትጠይቅ፤ ለማስፈረም ከሚቸኩል ሰው ጋር ግን አትፈርም፣ ልጄም ቢሆን።

ይቅር በይኝ አልላትም። የሟችን ልመና እምቢ ማለት ስለሚያስቸግር በዚያ ላስገድዳት አልፈልግም።

ሞቴ አይጠበቅ። አንዱ ቅጂ ዛሬውኑ እንጅባራ ለመሬት ጽሕፈት ቤት ይግባ፤ ሌላውን ቤዛዊት በሚኒባስ ሄዳ ለእንቁ በእጇ ትስጥ። ለባምላክ ከዚያ በኋላ ይነገረው። እንደሚቆጣ አውቃለሁ፤ ይህን የማደርገው ግን ውሸትን እንዳላወርሰው ነው።

ይህ ቃል ካለቀ በኋላ፣ እኔና አራቱ ምስክሮች አንድ ላይ እንዳለን፣ መምህር አበረ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። ከምስክሮቹ አንዱ ምህረቴ ማንበብ ስለማይችል በአዊኛም ተነገረው። አውራ ጣቱን ቀለም ላይ ሊያደርግ ሲል እጁን ያዝሁት።

"ምን ይላል?"

"አሁን አብረን ሰማነው አይደል እንዴ፣ እታለም!"

"አንተው ንገረኝ።"

"የእንቁ መሬት ለእንቁ ይላል።"

"ሌላስ?"

ምህረቴ መሬት መሬት አየ። "ያኔ ጣቱ ያንቺ ነበር ይላል።"

"አሁን አሳርፍ" አልሁት።

ምስክሮች፦
ምህረቴ አለምነው (የአውራ ጣት አሻራ)
እናትነሽ ፈንቴ (ፊርማ)
ወርቅአየሁ ጥላሁን (ፊርማ)
አበረ ስሜነህ፣ ጸሐፊና አራተኛ ምስክር (ፊርማ)

ተናዛዥ፦ እታለማሁ ጓሉ። ስሜን በእጄ ጻፍሁ።